እማዬ፣ ስምንት ሲኒ ቡና እና ፒ ቫልዩ

እናቴ በሸክላ ጀበና የፈላ ቡና ከማንቆርቆሪያ ቡና ለይቼ አውቃለሁ ብላ ትምላለች። «ዓይኔን ጨፍኜ!» ትላለች። እኔ ያኔ የማስተርስ ጽሑፌ ላይ ነበርኩ። ስለ መላምት ፍተሻ የማውቀው ፒ ቫልዩ (ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የጎላ ውጤት በአጋጣሚ የሚገኝበት ዕድል) ከ0.05 ካነሰ ደስ እንደሚል፣ ከበለጠ እንደሚያስለቅስ ብቻ ነበር። እስቲ በእማዬ ልሞክረው አልኩ።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። እንግሊዝ አገር፣ ሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ውስጥ፣ ሙሪየል ብሪስቶል የምትባል ተመራማሪ ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ በኋላ ቀምሼ አውቃለሁ ብላ ነበር። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ከዚያ ተነስቶ የስምንት ሲኒ ሙከራ ነደፈ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉም አስገባው።

የመነሻ ግምቱ ጨከን ያለ ነው፦ «እማዬ ምንም አትለይም፣ ዝም ብላ ትገምታለች።» ኑል ሃይፖተሲስ የሚሉት ይሄን ነው። ስለ እናት እንዲህ ማለት ይከብዳል፤ ግን ማስረጃ እስኪያፈርሰው ድረስ ይዞ መቆየት ግድ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ አንድም አልሳተችም። አፌን ይዤ ቀረሁ፣ እጇን እስካይ ድረስ። ከመቅመሷ በፊት ሲኒውን በመዳፏ እቅፍ ታደርገዋለች። የጀበናው ትኩስ ነው፣ የማንቆርቆሪያው በርዷል። ለካ የፈተንኩት ምላሷን ሳይሆን መዳፏን ነው! ውጤቱ ቢያምርም ጣልኩት።

በሳምንቱ ሁለቱንም ፔርሙዝ ውስጥ አስገብተን ሙቀታቸውን አስተካከልን። እህቴ ጓዳ ሆና አራት «ጀ»፣ አራት «ማ» የተጻፈባቸውን ወረቀቶች በዕጣ እያወጣች ቀዳች። ፊቴ እንዳያሳብቅ እኔም የትኛው የቱ እንደሆነ ሳላውቅ አቀረብኩ። ፈንዲሻ እስከ መጨረሻው ተከለከለ፤ እማዬ በዚህ እስከ ዛሬ ቅር ይላታል። መስፈርቱን ሳንጀምር ጻፍኩት፦ ውጤቷ በግምት ብቻ የመገኘት ዕድሉ ከ5 በመቶ ካነሰ ኑሉን እጥላለሁ። ከስምንት ሲኒ አራቱን መምረጫ 70 መንገድ አለ። ሁሉንም በግምት መምታት ከ70 አንድ ነው፣ 1.4 በመቶ ገደማ።

እማዬ ስድስት አገኘች።

«ከስምንት ስድስት! 75 ፐርሰንት አይደል እንዴ? ትምህርት ቤት ቢሆን አልፌ ነበር!»

ሒሳቡ ግን አይራራም። ስድስትና ከዚያ በላይ በግምት ብቻ ከ70 በ17ቱ ይገኛል፤ 24 በመቶ ማለት ነው። ኑሉን መጣል አልቻልኩም።

ለአማካሪዬ እየሳቅኩ «እናቴ አትለይም» አልኩት። እሱ አልሳቀም። «አትለይም አትበል። ትለያለች ለማለት የሚበቃ ማስረጃ አላገኘሁም በል» አለኝ። እውነቱን ነው። ስምንት ሲኒ ላይ አንዱን ከአንዱ ካምታታች አለቀላት፤ ጥሩ ምላስ ያላትም ልትወድቅ ትችላለች። የዚያን ቀን ማታ ጽሑፌን ከፍቼ «ግንኙነት የለም» ያልኩበትን ሦስት ቦታ አረምኩ።

አሁን 12 ሲኒ አቅጃለሁ፣ ስድስት በስድስት። መንገዱ 924 ይሆናል። አስርና ከዚያ በላይ በግምት የሚመታው በ37ቱ ብቻ ነው፣ 4 በመቶ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብታምታታም ታልፋለች። እርግጥ ሁለተኛ ዕድል በመስጠቴ በግምት የማለፍ ዕድሏ በድምሩ ከ5 በመቶ ትንሽ ይዘላል። ይሄንን ሳስረዳት «አንተ ልጅ፣ ስወድቅ አመንክ፣ ሳልፍ ልትጠረጥረኝ ነው?» አለችኝ።

የ12 ሲኒውን ቡና ግን ራስህ ግዛ ተብያለሁ።