የዶሮዋ ስብ

ትናንት ዶሮ ወጥ ነበር። እማዬ ዶሮዋን 12 ብልት አውጥታ በሎሚና በጨው ታሻለች፣ ስቡን በጣቷ እየፈለቀቀች ለድመቷ ሳህን ላይ ትጥላለች። ሳህኑን ነጠቅኳት።

«ምን ልታደርጊው?»

«ድንች ልጠብስበት።»

ዝም ብላ አየችኝ።

ነገሩ የመጣው ከእህቴ ነው። ቱሉዝ ነው የምትኖረው፣ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ደውላ ድንች ስትጠብስ አሳየችን። በምን? በዳክዬ ስብ! እማዬ አማተበች። እኛ ቤት ዳክዬ አይበላም፣ ጎርጎራ ስንሄድ ጣና ላይ ስትንሳፈፍ ከማየት ያለፈ ዝምድና የለንም። እዚያ ግን ስቡን ከሱፐርማርኬት በብልቃጥ ይገዙታል። የአገሩ ሰው ከድሮ ጀምሮ የዳክዬውን ሥጋ ጨው ነስንሶ ያሳድርና በስብ ውስጥ በዝግታ አብስሎ እዚያው ስቡ ውስጥ ቀብሮ ያስቀምጠዋል። ኮንፊ ይሉታል። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ለወራት ይቆይ የነበረው በጨው ስለታሸና ስቡ አየር ስለማያስገባው ነው። ይቺን ስትሰማ እማዬ ትንሽ ለዘብ አለች። «እንደ ቋንጣ በይዋ» አለች። ቋንጣስ አይደለም፣ ግን አልተከራከርኳትም።

እህቴ ሌላም ነገር ነግራኛለች። የዳክዬ ስብ እስከ 190 ዲግሪ ገደማ ሳያጨስ ይታገሣል፣ ያልተነጠረ ቅቤ ግን ውስጡ የወተት ትራፊ ስላለ 150 አካባቢ ማረር ይጀምራል። እማዬ ዲግሪ የምትባል ነገር አታውቅም። ግን ሽንኩርት በጥሬ ቅቤ ስትጠብስ አይቻት አላውቅም።

ወደ ዶሮዋ ልመለስ። እንቁላል መጣል ያቆመች ወፍራም ሴት ዶሮ ናት፣ ከቅዳሜ ገበያ የመጣች። ስቧ እርድ የነካው ይመስላል፣ ቢጫ። ሰብስቤ ሳየው አንድ የቡና ሲኒ ሞልቶ ተረፈ። ደቅቆ ተከትፎ መጥበሻ ላይ፣ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጌበት፣ ከሰሉን ቀንሼ። ውሃው ስቡ ሳይቀልጥ እንዳያር ነው። መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ መንጣጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የለኝም፣ ማራገቢያውን አንስቼ ከሰሉን ላጋግለው ስል ከደጅ ድምፅ መጣ።

«ገና ነው! ውሃው አላለቀም፣ ይጮኻል።»

እማዬ ደጅ ተቀምጣ ጌሾ እየለቀመች ነው። መጥበሻውን አላየችውም። ቅቤ ሲነጠርም የሚንጣጣው ውስጡ ያለው ውሃ ነው፣ ውሃው ሲያልቅ ጩኸቱ ይሰክናል፣ ያኔ ካልደረስሽበት ከታች የዘቀጠው ያርና ቅቤው ይመራል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው፣ የዶሮ ስብ ሆነ የላም ቅቤ ለጆሮዋ አንድ ነው። እኔ እኮ ለዚሁ ነገር ዩቲዩብ ሦስት ጊዜ አይቼ ነበር።

ትንሽ ቆይታ፣ «አሁን አውጪው» አለች። እውነትም ዝም ብሎ ነበር። አጠለልኩት። የቀረችውን ቡናማ ፍርፋሪ ጨው ነስንሼ ቆሜ በላኋት፣ ለማንም አልደረሰም። ድንቹን ግማሽ ቀቅዬ ጠበስኩት፣ ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ፣ ቶሎ ስለሚያር።

ቅርፊቱ ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ በዘይት እንዲህ ወጥቶልኝ አያውቅም። ጣዕሙ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሆነ ነገር ይቀረዋል። ሚጥሚጣ ስነሰንስበት ነው ነፍስ የዘራው። እማዬ አንዲት ድንች አነሳች፣ አኘከች፣ ሌላ አልደገመችም።

«ኮሰረት የለውም» አለች።

የተረፈውን ስብ በሲኒው ከድኜ ፍሪጅ አስገባሁት። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ኮሰረት ኮሰረት ይሸታል። እማዬን አልጠየቅኳትም።