ሙሉ ቁጥር የማይገዛው ክሪስታል፦ የእርሳስና የኒዮቢየም ሰልፋይድን የሠራሁበት መንገድ

የእርሳስና የኒዮቢየም ሰልፋይድ (የሁለቱ ብረቶች ከድኝ ጋር የተዋሃዱበት ውህድ) ሁለት ዓይነት ንብርብሮች እየተፈራረቁ የሚደረደሩበት ነው፤ አንደኛው የእርሳስ ሰልፋይድ፣ ሁለተኛው የኒዮቢየም ዳይሰልፋይድ ነው። ንብርብሮቹ በአንድ አቅጣጫ እኩል ልኬት አላቸው። በሌላው አቅጣጫ ግን የእርሳስ ሰልፋይዱ ዩኒት ሴል (እየተደጋገመ ክሪስታሉን የሚሠራው ትንሹ ክፍል) ወደ 5.83፣ የኒዮቢየሙ ደግሞ ወደ 3.31 አንግስትሮም (የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ) ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ርቀት ቢኬድ ሁለቱ በትክክል አይገጥሙም። ወደዚህ ሥራ የሳበኝ አለመገጣጠሙ በአተሞቹ አቀማመጥ ላይ የሚፈጥረው ሞዱሌሽን፣ ማለትም አተሞቹ ከአማካይ ቦታቸው እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ እያሉ መዛነፋቸው ነው።

ንጥረ ነገሮቹን መዝኜ በደረቀ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ አየሩን በፓምፕ አውጥቼ ቱቦውን በነበልባል ዘጋሁት። ኒዮቢየም ኦክስጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ጥቂት እርጥበት እንኳ ቢቀር ኦክሳይድ ይፈጠራል። ድኝ በ445 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ እቶኑን በችኮላ ማጋል ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ስለዚህ ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ አቆይቼ፣ ከግድግዳው ላይ ቢጫው ድኝ መጥፋቱን ካረጋገጥሁ በኋላ ሙቀቱን ወደ 800 ዲግሪ ከፍ አደረግሁ። የተገኘውን ዱቄት ከጥቂት አዮዲን ጋር በሌላ ቱቦ ዘግቼ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሙቀት ልዩነት ስፈጥር፣ ስስና አንጸባራቂ ክሪስታሎች አደጉ።

እነዚህ ክሪስታሎች በጣም ለስላሳ ናቸው፤ መርፌ በወጉ ካልነካቸው ይታጠፋሉ፣ የታጠፈ ክሪስታል ደግሞ ራጅ በክሪስታሉ ሲበተን በመለኪያው ላይ የሚታዩትን ነጥቦች ያደበዝዛል። ስለዚህ ትልቁን ሳይሆን ትንሹንና ያልተጣመመውን በዘይት ጠብታ ውስጥ መምረጥ ይበጃል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ የቀመሩ ጉዳይ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይ ያለው የራጅ መተንተኛ የእርሳስን፣ የድኝንና የኒዮቢየምን ዝቅተኛ ኃይል ያላቸው መስመሮች እርስ በርስ ያደራርባቸዋል፤ በተለይ የእርሳሱና የድኙ መስመሮች ሁለቱም በ2.3 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሚወድቁ የየንጥረ ነገሩን መጠን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በዩኒት ሴሎቹ ልኬት ግን ስሌቱ ቀላል ነው። በየንብርብሩ፣ የእርሳስ ሰልፋይዱ ሴል አራት፣ የኒዮቢየሙ ሴል ሁለት የቀመር ክፍሎችን ስለሚይዝ፣ ሁለት ጊዜ 3.31ን ለ5.83 ማካፈል 1.14 ያህል ይሰጣል። ለአንድ ኒዮቢየም ዳይሰልፋይድ 1.14 የእርሳስ ሰልፋይድ አለ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ወደ አንድ ማጠጋጋት አወቃቀሩን መካድ ነው፤ ቁጥሩ ሙሉ አለመሆኑም የንጽሕና መጉደልን አያመለክትም።

በራጅ ዲፍራክሽኑ (ራጅ በክሪስታሉ ተበትኖ በሚሠራው የነጥቦች ንድፍ) ላይ አንዳንዶቹ ነጥቦች የአንዱ ንብርብር፣ አንዳንዶቹ የሌላው፣ የቀሩት የጋራ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚገኙት ሳተላይት የሚባሉት ደካማ ነጥቦች ሞዱሌሽኑን ይመሰክራሉ። ብሩሆቹ መለኪያውን ያለ መጠን እንዳይሞሉት አጭር፣ ደካሞቹ እንዲታዩ ረጅም የራጅ ጊዜ ስለሚያስፈልግ ሁለቱንም ለየብቻ ለካሁ። ነጥቦቹን ለመሰየም ሦስት ሙሉ ቁጥሮች ስለማይበቁ አራተኛ ተጨመረ፤ ይህ መንገድ የክሪስታል ተመራማሪው ደ ቮልፍ በ1974 ባቀረበው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በፕራግ የተሠራው ያና የተባለው ሶፍትዌር ስሌቱን ያካሂዳል። ዓለም አቀፉ የክሪስታሎግራፊ ኅብረት በ1992 ክሪስታልን በተደጋጋሚ ሴል ሳይሆን በተለዩ የዲፍራክሽን ነጥቦች መግለጹን ትክክለኛ ፍርድ አድርጌ የምወስደውም ለዚህ ነው።

ሳተላይቶቹን ጨምሬ ስተነትን፣ ሞዱሌሽኑን በማያስገባው አማካይ ሞዴል አንድ ዓይነት የሚመስሉት የእርሳስ አተሞች ከአጎራባቹ ንብርብር ድኝ ጋር ያላቸው ርቀት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ታየ፤ ሁለቱን ንብርብሮች የሚያያይዘው ትስስር የሚጠናውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው።