«በኋላ እነግርሻለሁ»

ስሜ በ«ጠ» ይጀምራል። ይህን ብቻ ብዬ ባቆም ውጭ አገር የሠራ ያገሬ ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። በተቀጠርኩበት ቀን የዌርሃውሱ ሱፐርቫይዘር መታወቂያዬን እያየ ሁለቴ ሞከረ፤ ሦስተኛው ላይ ተስፋ ቆረጠና «ቲ ብንልህ ቅር ይልሃል?» አለኝ። በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ «አዎ፣ ቅር ይለኛል» የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም። ቲ ተባልኩ፤ ቲ ሆኜ አራት ዓመት ቆየሁ።

ስለዚህ መታለፍ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ባይ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ አፌን ስከፍት ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርስልኝ አይጠፋም። ሾፌር መጥቶ ይጠይቀኛል፣ እመልስለታለሁ፣ እሱ ግን ያንኑ መልስ ከሌላ ሰው አፍ ካልሰማ አያምንም። አንድ ጊዜ የመጫኛ በሩ መጨናነቅ እንዲቀንስ መኪኖቹ በሰዓት ተከፋፍለው ይግቡ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ዝም ተባለ። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ አንዱ ያንኑ ሲናገር ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ከኋላ በኩል አንዲት ጡረታዋ የደረሰ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ «ይሄ እኮ ቅድም እሱ ያለው ነው፤ እስቲ ባለቤቱ ያብራራልን» አለች።

ላመሰግናት ስሄድ ዘዴው የእሷ ፈጠራ እንዳልሆነ ነገረችኝ። በባራክ ኦባማ ዘመን ዋይት ሐውስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች፣ ወንድ በበዛበት ስብሰባ ላይ ሐሳባቸው እየተዋጠ ሲያስቸግራቸው፣ አንዷ ያለችውን ሌላዋ የባለሐሳቧን ስም ጠርታ እንድትደግመው ተስማምተው ነበር አለችኝ። «አንተም አንድ ቀን ለሌላ ሰው ታደርገዋለህ።» እንዴታ! አልኩ በልቤ።

እኛ ሺፍት ውስጥ መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ አለች። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቆመን የአምስት ደቂቃ ስብሰባ እናደርጋለን፤ ሱፐርቫይዘሩ ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳው ላይ ቁጥር እየጻፈ ይናገራል። ልጅቷ ሁልጊዜ እኔ ጎን ነው የምትቆመው። የዚያን ቀን ሰዉ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ወደ ቀኝ ዞሮ አየ። እሷም ዞራ አየችና ቅንድቧን ወደ እኔ አነሳች፤ ምን አለ ማለቷ ነው። እኔ እጄን አወዛወዝኩ። ቆይ፣ በኋላ።

የተባለው ነገር ፎርክሊፍቶቹ በወትሮው መንገድ ሳይሆን በሦስተኛው መተላለፊያ እንደሚገቡ ነበር። በኋላ አልነገርኳትም። ረሳሁት። ተንኮል ቢሆን ኖሮ እንኳ ሰበብ አይጠፋለትም ነበር።

ረፋዱ ላይ ጡሩምባ ሲጮህ ዞርኩ። ካርቶን ታቅፋ በሦስተኛው መተላለፊያ መሃል ትሄዳለች፤ ፎርክሊፍቱ ከኋላዋ ነው። ነጂው ከጡሩምባው እጁን ሳያነሳ ፍሬን ያዘ፤ የጫነው ዕቃ ወደ ፊት ተንሸራቶ እግሯ ሥር ተዘረገፈ። የወለሉ መንቀጥቀጥ ነው ያዞራት። መጀመሪያ ያየችው ግን ፎርክሊፍቱን አልነበረም፤ ዐይኗ እኔን ፈለገ።

ማንም አልተጎዳም። እረፍት ላይ ስልኳ ላይ ጻፈችና ወደ እኔ ገፋችው። «ዕድሜዬን ሙሉ በኋላ እነግርሻለሁ ተብያለሁ። ቤት ውስጥ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲስቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት። በኋላ የሚባለው ሰዓት መጥቶ አያውቅም።»

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። «አንዲት ደንቆሮ ልጅ በእኔ ጥፋት ልትሞት ነበር» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ፤ «ምን አደረገችህና ነው የምትሰድባት?» አለች። አይ፣ ጆሮዋ አይሰማም ማለቴ ነው። «ታዲያ እንደዚያ አትልም?» እህቴ ሥልጠና የወሰደች ሰው አይደለችም፤ አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው። ቃሉ እኛ ዘንድ ጆሮው የማይሰማውንም፣ ነገር የማይገባውንም በአንድ ስድብ ጠቅልሎ የያዘ መሆኑን እዚያ ስልክ ላይ ነው ልብ ያልኩት። የእኔን አንዲት ፊደል አሳስተው ስለጠሩኝ አራት ዓመት ያኮረፍኩ ሰውዬ ነኝ እንግዲህ።

ቀጥሎ የሠራሁት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ጥፋቴን ልክስ ብዬ በማግስቱ ብቻዬን ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ገባሁ። አደጋ ሊደርስባት እንደነበር፣ ስብሰባው ለእሷ እንደማይሆን፣ አንድ ነገር መደረግ እንዳለበት ተናገርኩ። ደግሞ እንዴት ያለ ንግግር! በዚያ ቋንቋ እንደዚያን ቀን ቀንቶኝ አያውቅም። እሱም አመስግኖኝ ከሰዓት በኋላ እርምጃ ወሰደ፤ ልጅቷን «ለደኅንነቷ ሲባል» ከማሸጊያው መስመር አንስቶ ጥግ ላይ ብቻዋን ምልክት ወረቀት እንድትለጥፍ አደረጋት። በሺፍቱ ውስጥ እጇ የፈጠነውን ልጅ።

ስልኳ ላይ የጻፈችልኝ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። «ማን ላከህ?»

ለሁለት ቀን ሰላም አላለችኝም። በሦስተኛው ቀን የአካል ጉዳተኞች እንቅስቃሴ ለዓመታት ሲለው የኖረውን መፈክር ላከችልኝ፦ «ስለ እኛ ያለ እኛ ምንም»። ከሥሩም «ጥያቄ አለኝ፣ ራሴ እጠይቃለሁ። አብረኸኝ ትገባለህ፤ ካላልኩህ ግን አትናገርም» የሚል ጨመረች።

ገባን። ጥያቄዎቿን ጽፋ ነው የመጣችው። ሲናገር ፊቱን ወደ ሰዉ ያዙር፤ የዕለቱ ለውጥ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ፎርክሊፍቶቹ ላይ ወለሉ ላይ ከፊታቸው ሰማያዊ ብርሃን የሚጥለው መብራት ይገጠም፤ እሷም ወደ መስመሯ ትመለስ። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን አነበበና ወደ እኔ ዞሮ «መብራቱ ቶሎ ላይመጣ እንደሚችል ይገባታል?» አለኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩትና በአገጬ ወደ እሷ አመለከትኩ፤ «እሷን ጠይቃት» አልኩ። ሰውየው ቀላ። ወረቀቱ ላይ ጽፎ ሰጣት። ሙሉውን ውይይት እንደዚያ በጽሑፍ ጨረሱት፤ እኔ እንደ ወንበር ተቀምጬ።

መብራቱ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ሰሌዳው ግን በማግስቱ ነው የጀመረው፤ ከሁሉ በላይ የተጠቀመውም ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ እኔ። የዚያን ሰውዬ አነጋገር እየተከተልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አራት ዓመት ሙሉ ግማሹ ሳይገባኝ ራሴን እየነቀነቅኩ ስወጣ ነው የኖርኩት። ፎርክሊፍት ነጂዎቹም የጆሮ መከላከያ ያደረገ ሠራተኛ መብራቱን አይቶ ሲቆምላቸው ደስ ብሏቸዋል።

ከንፈር ታነቢ የለ እንዴ ብያት ነበር መጀመሪያ። መስታወት ፊት ቆመህ ሞክረው አለችኝ። ቤት ገብቼ ድምፅ ሳላወጣ በአማርኛ «መላ» አልኩ፣ «በላ» አልኩ። አንድ ናቸው። «ተ» እና «ጠ»ም አንድ ናቸው። የስሜ የመጀመሪያ ፊደል፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ ያለበት፣ መስታወቱ ውስጥ ጭራሽ የለም።

የምልክት ቋንቋ ሳምንት ሳምንት ማክሰኞ እማራለሁ፤ ጣቴ ግትር ነው። በዓለም ላይ ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎች እንዳሉ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይናገራል፤ እኔ አንድ መስሎኝ ነበር። በ1880 ሚላኖ ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ሳይሆን በአፍ ንግግር ይማሩ ብለው መወሰናቸውን የነገረችኝ እሷ ናት። በብዙ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ በእጅ መናገር ተከለከለ። በዚያው ጉባኤ ስም የሚሰበሰቡት ሰዎች ውሳኔው ስሕተት እንደነበር በይፋ የተናገሩት በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። ይህን ስትጽፍልኝ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነበረች።

እረፍት ክፍል ውስጥ እኛ የእኛ ልጆች በአማርኛ ስንንጫጫ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስልኩን እያየ የሚቀመጥ የሌላ አገር ልጅ አለ። ለካ ሁልጊዜም እዚያ ነበር። «ምን ያስቃችኋል?» ሲል መልሳችን «ቢተረጎም አያስቅም» ነው። አሁን እኔ ልተረጉምለት እሞክራለሁ። እውነትም አያስቅም፤ ግን እሱ ይስቃል፣ ምናልባት በእኔ።

በምልክት ቋንቋ ስም ለራስህ አታወጣም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች አይተው፣ ለምደውህ ነው የሚሰጡህ፤ የፈገግታህን ወይም የአረማመድህን ነገር ይዘው። ሱፐርቫይዘሩ እንኳ አንድ አለው፣ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ባለፈው ሳምንት የእኔስ ብዬ ጠየቅኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ስልኳን አነሳች፣ ጻፈች።

«ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ።»