የ2 ሚሊሜትር ክፍተት

ዛሬ ከአእምሮዬ ሳይወጣ የዋለው የኮሊሜተር፣ ማለትም ከጨረር ያፈነገጡ ቅንጣቶችን የሚያስቀር መሣሪያ፣ አሰላለፍ ነው። በሰርን የቅንጣት ማፍጠኛ፣ በትልቁ ሀድሮን ኮላይደር፣ እያንዳንዱ የፕሮቶን ጨረር በንድፉ 362 ሜጋጁል ኢነርጂ ይሸከማል። ጨረሩን የሚመሩት ማግኔቶች የሚሠሩት ደግሞ በ1.9 ኬልቪን እጅግ ቀዝቅዘው ነው፤ ከጨረሩ ያፈነገጡ እጅግ ጥቂት ፕሮቶኖች ቢመቷቸው ሞቀው ሱፐርኮንዳክተርነታቸውን (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የማሳለፍ ባሕርያቸውን) ያጣሉ።

ስለዚህ ጨረሩን ከሁለት ወገን የሚያጠብቡ የኮሊሜተር መንጋጋዎች አሉ። ቀዳሚው ካርቦን ካዘለ ቁስ የተሠራ ነው፤ በሙሉ ኢነርጂ ክፍተቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፕሮቶኑን አይውጠውም፣ ይበትነዋል። የተበተነውን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የቆመው ሁለተኛው ይቀበላል፤ የተረፈውን የተንግስተን መምጠጫዎች ያስቀሩታል።

አሰላለፉ ላይ መንጋጋው በ5 ወይም በ10 ማይክሮሜትር እርምጃ ይጠጋል። ከጨረሩ የሚጠፉ ፕሮቶኖችን የሚያሳየው የብክነት መለኪያ ድንገት ዘሎ ቀስ እያለ ከወረደ፣ የጨረሩን ጠርዝ ነክቷል ማለት ነው። ችግሩ፣ ከሌላ መንጋጋ የሚመጣ ፍንጥርጣሪም መለኪያውን ያዘልለዋል። በዚህ ተታልለን ሁለተኛውን ከቀዳሚው ይልቅ ወደ ጨረሩ ካስጠጋነው ተዋረዱ ይፈርሳል፤ ብክነቱም ወደ ቀዝቃዛዎቹ ማግኔቶች ይዞራል። ደካማ ጨረር ሆን ተብሎ ተናውጦ ብክነቱ የት የት እንደሚያርፍ በካርታ ሳይታይ ሙሉ ጨረር መጫን፣ በእኔ እምነት፣ በፍጹም አይገባም።