ቮልስና ዘይት፦ የሱሉልታው 1776 ሲሲ ሞተር እዚህ ደርሷል

90.5 ሚሊ ፒስቶንና ሲሊንደሩ ተዘጋጅቷል፣ ክራንክሻፍቱ (የፒስቶኑን ምት ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) የፋብሪካው 69 ሚሊ ምት ያለው ነው፣ ብሎኩ ግን ገና አልተዘጋም። የዘይት ሥራ ማለቅ ያለበት ብሎኩ ሳይዘጋ ስለሆነ ለጊዜው ሌላው ሁሉ ቆሟል።

ቮልስ ላይ ጉልበት ሲጨመር መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «30 ሚሊ የዘይት ፖምፓ እናስገባ?» የሚል ነው (ሚሊው የፖምፓው ጥርሶች ርዝመት ነው)። ረጅም ቱቦና ተጨማሪ የዘይት ራዲያተር ካልተዘረጋ አያስፈልግም፤ 26 ሚሊው ይበቃል። የብሮንዚን (ዘንጉ በዘይት ላይ የሚዞርበት መደገፊያ) ክፍተት ከሰፋ ትልቅ ፖምፓ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ጠዋት ዘይቱ ስለሚወፍር ከመጠን ያለፈው ግፊት የራዲያተሩን ጎሚኒ ያፈነዳል። ገንዘቡ ቶርኖ ቤት ቢገባ ይሻላል፦ የቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያያይዘው ክንድ) ብሮንዚን ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.08 ሚሊ፣ ክራንክሻፍቱ በቮላኖ (ጫፉ ላይ ያለው ከባድ የብረት ክብ) በኩል ወደፊትና ወደኋላ የሚጫወተው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ።

ፖምፓው ከሶማሌ ተራ አሮጌ ከሆነ ክዳኑን ገልብጣችሁ በጥፍር ዳብሱት። ጥርሶቹ የፈተጉት ክብ ጥፍር ከያዘ ዘይት በዚያ ወደ መጣበት ይመለሳል። ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ ክቡ እስኪጠፋ አሹት። ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሙና በጥርሶቹና በክዳኑ መካከል በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ለኩ፤ ከ0.1 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ስትገጥሙ ውስጡን በቫዝሊን ሙሉት፣ ያለዚያ መጀመሪያ ላይ አየር እንጂ ዘይት አይስብም። ዳዶዎቹን እያጠበቃችሁ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ ፖምፓው መሃሉን የሚያገኘው እንዲያ ነው።

ፋብሪካው የሰጠው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው፤ የኮረኮንች አቧራ በወንፊት አይያዝም። ፊልትሮ ለማስገባት ዘይቱ ከፖምፓው ክዳን ይወጣና በፊልትሮው አልፎ ወደ ዋናው የዘይት መስመር ይመለሳል። የመመለሻው ቀዳዳ በ3/8 ጥርስ ይወጣለታል፣ የፖምፓው የድሮ መውጫ ይደፈናል። ይህ ተረስቶ ከቀረ ዘይቱ ፊልትሮውን ሳይነካ በአቋራጭ ይሄዳል። የመስመሩን ታፖዎች (መድፈኛዎች) ሁሉ አውጥታችሁ በብሩሽና በነዳጅ እጠቡ፤ አንዲት የአሉሚኒየም ብናኝ አዲስ ብሮንዚን ትልጣለች።

ከ1970 ወዲህ በወጡት ብሎኮች ላይ የግፊት መቆጣጠሪያ ፒስቶንና ሞላ ሁለት ቦታ አለ። ፒስቶኑ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። በፖምፓው በኩል ያለው ዘግቶ ከቀረ ቀዝቃዛው ዘይት ራዲያተሩን ያፈሰዋል፤ ከፍቶ ከቀረ ደግሞ ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ያልፋል።

የእንጦጦ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ሸሽቶ የፖምፓው መምጠጫ ቱቦ አየር ይስባል። የ1.5 ሊትር ተጨማሪ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር የሚታከል የዘይት መያዣ) መፍትሔ ነው፣ ግን ዝቅ ስለሚል ከአስፋልት ውጭ ድንጋይ ይመታዋል። የወንፊቱ ክዳን ዳዶዎች የሚጠብቁት በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ «ትንሽ ልጨምር» የሚል እጅ የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል።

ማስነሻ፦ ካንዴላዎቹ ወጥተው የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖ ማዞር። የዳሽቦርዱን የዘይት መብራት አትመኑ፣ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ላይ ይጠፋል። በ70 ዲግሪ ሙቀትና በ2,500 ዙር በደቂቃ ከ2 ባር በታች ካሳየ አጥፉ። መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብሮንዚን ከመጠርጠር በፊት የመምጠጫ ቱቦው ብሎኩ ውስጥ ላልቶ እንደሆነ እዩ።