ሰርዶና የዝግባው ጥላ

ዛሬ ረፋድ ላይ ከለገጣፎ መውጫ፣ መንገድ ዳር ካለ ችግኝ መሸጫ ለግቢዬ ሣር ልገዛ ቆሜ ሳለሁ፣ አትክልተኛው አዛውንት ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «ልጄ፣ ግቢሽ ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ግማሹን የዝግባ ጥላ እንደሚሸፍነው ስነግራቸው ጎንበስ ብለው ከአጥሩ ሥር አንዲት የሰርዶ ሐረግ ነቀሉና መዳፌ ላይ ዘረጉልኝ። ስንዝር በማትሞላው ሐረግ ላይ አምስት አንጓዎች ነበሩ፤ ከአንጓዎቹም ወደ ታች ፀጉር የመሰለ ነጭ ሥር፣ ወደ ላይ ለጋ ቅጠል ወጥቷል።

«በየአንጓዋ ስለምትተከል ብትረገጥም ብትታጨድም ታገግማለች፤ ጥላ ውስጥ ግን ትመነምናለች» አሉኝ።

ስታጨድ ከቁመቷ ከሢሶው በላይ እንዳልቆርጥ፣ በየቀኑ ጥቂት ውኃ ከመርጨት ይልቅ አልፎ አልፎ ሥሯ ድረስ እንዳጠጣት፣ የእኛ ሰፈር ዋልካ አፈር ውኃ ቶሎ ስለማያሰርግ በዝግታ እንዳፈስ አሳሰቡኝ። ብዙዎቻችን ሣር የምንመርጠው በሰው ደጅ አምሮ አይተነው ነው፤ የራሳችንን አፈርና ጥላ የምናስተውለው ሣሩ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው፤ እኔም ባለፈው ዓመት የተከልኩት ሁሉ የደረቀብኝ በዚሁ ምክንያት እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ፀሐይ ለሚያገኘው ወገን ብቻ የሚበቃ ሰርዶ ገዝቼ ተመለስኩ። ያቺ ባለ አምስት አንጓ ሐረግም በረንዳዬ ላይ፣ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልላ ነገን ትጠብቃለች።