ለእናቴ የሠራሁት የሐረግ ዳስ

በ2014 ዓ.ም. ከቤታችን በስተደቡብ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አልቆ ሰው ሲገባበት እናቴ ጓሮ መውጣት ተወች። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። በርበሬ ቀንጥሳ የምታሰጣው፣ ፀጉሯን ታጥባ ፀሐይ የምትሞቀው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ጠርታ ቡና የምታፈላው እዚያ ነበር። አንድ ቀን ረከቦቱ ሳሎን ተዘርግቶ አገኘሁት። «እማዬ፣ ይህን የመሰለ ፀሐይ እያለ እቤት ውስጥ?» ስላት «ዓይን በዛብኝ ልጄ» አለችኝ። ወጥቼ ቀና ብዬ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት መስኮት ወደ እኛ ያያል። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም፤ መስኮት ሲከፍቱ የሚታያቸው የእኛ ጓሮ ነው። ግን ነጠላዋን አውልቃ መቀመጥ ያቃታት ሰው ጓሮ አላት ማለት ይከብዳል።

ቤታችን ቀበና ነው። ጓሮው ከቤቱ እስከ ደቡቡ አጥር ዘጠኝ ሜትር፣ ወርዱ ስድስት ሜትር ነው። ያን ዓመት መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አጥሩን ማስረዘም ነበር። መርካቶ አጠና ተራ ሄጄ ስምንት አጠና ገዛሁ፤ በቆርቆሮው አጥር ጥግ ተከልኩና ሦስት ሜትር ድረስ ሽቦ ወጠርኩበት። ከሥሩ ዱባና ቅል ዘራሁ። ክረምቱ ሲገባ በሁለት ወር ውስጥ አረንጓዴ ግድግዳ ሆነ። ደስ ብሎኝ የእናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳይ የተሸፈነው ምድር ቤቱና የአንደኛው ፎቅ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። የላዮቹ መስኮቶች እንዳሉ ናቸው።

አንድ ዓመት የፈጀብኝን ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። መጋረጃ የሚሸፍነው በቁመቱ ብቻ አይደለም፤ ለተቀመጠው ሰው ባለው ቅርበትም ነው። ወንድሜ ረጅም ጣውላ አቁሞ እንዲይዝልኝ አድርጌ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ጀምሮ ወደ እኔ ባስጠጋው ቁጥር አንድ አንድ ፎቅ ይጠፋል። በስድስት ሜትር ርቀት ሦስት ሜትር የሚረዝመው ሐረግ ያልቻለውን፣ አንድ ሜትር ላይ የቆመ 2.40 ሜትር ጣውላ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ሸፈነው። ለቀረው አራተኛ ፎቅ ከራስ በላይ ጣሪያ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ረጅም አጥር ሳይሆን ዳስ ነበር። ለሠርግና ለለቅሶ ስንጥለው የኖርነውን ዳስ ለጓሮ ሳላስበው መቅረቴ እስካሁን ይገርመኛል። ማንም ሰው ምስማር ከመምታቱ በፊት ይህን የጣውላ ሙከራ እንዲያደርግ እለምናለሁ።

አጠናዎቹም አልቆዩም። በቀጥታ አፈር ውስጥ ስለቀበርኳቸው በሁለተኛው ክረምት አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በሰበሱ። ነሐሴ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ሦስቱ ከነዱባው ወደቁ። ውሃ የጠጣ የዱባ ቅጠል እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዳሱን ስሠራ ምሰሶውን ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት አደረግሁት፦ ስድስት እግር፣ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ፣ ኮንክሪት። ከላይ ግን ቀርከሃ ነው፤ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ርቀት ተደርድሯል፤ ሲያረጅ አንዱን አውጥቶ ሌላ መተካት ቀላል ነው። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) የምትቀቡ ከሆነ ብየዳው ላይ ሁለቴ ቀቡት፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ ለዳሱ የተከልኳቸው ሁለቱ ሐረጎችም እንዲሁ ናቸው። ፓሽን ፍሩት ከግንዱ በሚያወጣው ቀጭን ክር ተጠምጥሞ ራሱ ይወጣል፤ ክሩ ግን ቀጭን ነገር ይፈልጋል። ወፍራሙን ቱቦላሬ መያዝ አቅቶት መሬት ላይ ሲርመሰመስ ቆይቶ፣ ሲባጎ ባወረድኩለት ሳምንት መውጣት ጀመረ። ቡገንቪላ የሚጠመጠም ክር የለውም፤ ያለው እሾህ ነው፤ ካላሰራችሁት አይወጣም። በሽቦ አስሬው ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገባ። አሁን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ላላ አድርጌ አስራለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት የፓሽን ችግኞች ገድያለሁ። ዝናብ አለ ብዬ ሐምሌ ላይ ተከልኳቸው፤ ጉድጓዱ ውሃ ቋጠረ፤ በሦስት ሳምንት ሥራቸው በሰበሰ። ፓሽን ውሃ ይወዳል፣ ውሃ ላይ መቆም ግን አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት አፈርና የበሰለ ፍግ ቀላቅዬ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠራሁና መስከረም መጨረሻ ላይ ተከልኩ። አንድ ግንድ ብቻ ትቼ፣ የጎን ቅርንጫፉን ጣሪያው እስኪደርስ ቀነጠብኩ።

ቡገንቪላውን አጥሩ ሥር መትከሌም ስሕተት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ የሕንፃው ጥላ ቀትር ላይ እንኳ ጓሮውን ከግማሽ በላይ ይሸፍነዋል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ናት፤ ያኔ አጥሩ ሥር ብርሃን ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ደመናው ይወስደዋል። ወደ ቤቱ ጥግ አዛውሬው፣ ውሃም ቀንሼበት ነው ያበበው። አብዝታችሁ ስታጠጡት ቅጠሉን እንጂ አበባውን አያበዛም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለፓሽኑ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ እንሰጠዋለን፤ በረኪና የገባበትን ግን አላስጠጋም።

ጣሪያው በ2017 ዓ.ም. ሞላ። አሁን እናቴ ከዳሱ ሥር ስትቀመጥ አንድም መስኮት አይታያትም። ረከቦቱም ተመልሶ ወጥቷል። የቀረን አንድ ሥራ አለ፦ የእጣኑና የከሰሉ ጢስ ቅጠሉ ሥር ይታፈናል፤ ከምድጃው በላይ ያሉት ቅጠሎችም ጠውልገዋል። «እዚህ ጋ ትንሽ ክፈቺልኝ፤ በቤቱ በኩል፣ በዚያ ማንም አያይም» ብላኛለች። ለቅዳሜ ቡና እንዲደርስ ዓርብ ማታ እቆርጠዋለሁ።